ከቀፎው በፊት አበባው

ንብ ልያዝ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቀፎ ነው። ስንት ብር ነው? የት ይገኛል? በዓመት ስንት ኪሎ ማር ይወጣዋል? ሐረር ውስጥ ንብ ማነብ ልጀምር ነው ስል ዘመድ ጓደኛ ሁሉ ያዘነበብኝ ጥያቄ ይኸው ነበር። ጥያቄው ነውር የለበትም። ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ስለሆነ ይጠየቃል። እየተማርኩ ስሄድ ግን ቀፎው የመጨረሻው ጉዳይ እንደሆነ ገባኝ። ከቀፎው በፊት አበባው አለ፣ ውሃው አለ፣ ጎረቤቱ አለ፣ ማዶ ያለው የጫት ማሳ አለ። እነዚህን ያላወቀ ሰው የፈለገውን ያህል ውድ ቀፎ ቢገዛ ንብ አይበረክትለትም።

ይህን ያስተማሩኝ ሐረር አጠገብ ካለው ከሐኪም ተራራ ግርጌ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው። አባባ ነው የምላቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ባህላዊ ቀፎ ዛፍ ላይ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ያወራሉ። ቤታቸው ስሄድ ቀፎ ያሳዩኛል ብዬ ጓጉቼ ነበር። እሳቸው ግን ደጃፋቸው ላይ ቆመው ወደ ማዶ እያመለከቱ «ልጄ፣ ያ ዛፍ መቼ ያብባል?» አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ «ከሱ በኋላስ የቱ ይተካል?» አሉ። ከዚያ ሆጃ የሚባለውን የሐረር ትኩስ መጠጥ አስቀርበውልኝ ሐሳባቸውን ጨረሱ፤ «የዓመቱን አበባ በተራ መቁጠር ስትችዪ ያኔ ስለ ቀፎ እናወራለን።»

ስለዚህ የንብ ትምህርቴ የተጀመረው በደብተርና በእስክሪብቶ ነው። በየሄድኩበት ያበበውን እጽፋለሁ። ንብ ሲያርፍበት ካየሁ ምልክት አደርግበታለሁ። እግሯ ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ኳስ ይዛ ከሆነ ብናኝ እየሰበሰበች ነው። ምላሷን አበባው ውስጥ ከትታ ከቆየች ደግሞ ቀሰም እየጠጣች ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ማር የሚሆነው ቀሰሙ ነው። ብናኙ እጮቹ የሚያድጉበት ምግብ ነው። ቀሰም በዝቶ ብናኝ ካነሰ መንጋው አይራባም። ብናኝ በዝቶ ቀሰም ካነሰ ደግሞ አናቢው ማር አያይም።

በእኛ አካባቢ ትልቁ ዝናብ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ዝናቡ ሲወጣ ማሳ ዳር፣ ገደል አፋፍ፣ አጥር ሥር ያለው ሁሉ ያብባል። ማሽላውም የሚያብበው ያኔ ገደማ ነው። ማሽላና በቆሎ ቀሰም ባይሰጡም ለብናኝ ግን ንቦቹ ማለዳ ማለዳ ይወርዱባቸዋል። ዋናው ማር የሚቆረጠው ይህ ሁሉ አበባ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ አገሩ መድረቅ ይጀምራል። የበልጉ ዝናብ በመጋቢት እስኪመጣ ድረስ ንብ የምትኖረው ባጠራቀመችው፣ እንደ ዓይነቱ በበጋ በሚያብበው ግራር፣ በሬትና በባሕር ዛፍ ነው። በልጉ ሲገባ ደግሞ ቡናው አለ። የሐረርጌ ቡና ደረቅ ወቅትን አሳልፎ ዝናብ ሲያረጥበው ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ነጭ ሆኖ ይፈነዳል። ሽታው ግቢውን ያውደዋል። የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ያቺን ጥቂት ቀን ለመጠቀም መንጋው ቀድሞ ጠንክሮ መገኘት አለበት።

ይህን የመሰለ የአበባ መዝገብ ለድሬዳዋ ብጽፍ ሌላ ይሆናል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመሃላቸው በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። አበባው፣ ሙቀቱ፣ የማሩ ወቅት ግን ይለያያል። ንቦቹም እንዲሁ። ተመራማሪዎች በአገራችን የተለያዩ የማር ንብ ዝርያዎችን ለይተዋል። በምሥራቁ ደረቅና ቆላማ አገር የምትገኘው የመን ድረስ ዘመድ ያላት፣ መጠኗ አነስ ያለች፣ የመኒቲካ የምትባለዋ ናት። ሙቀትና ድርቅ የለመደች ንብ ናት። ለዚህ ነው ከሌላ አገር በተጻፈ መመሪያ ብቻ እዚህ ንብ ማነብ የማይሆነው። መመሪያው ስለ በረዶ ወር ይመክራል፤ የእኛ ክፉ ወር የካቲት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ካርታ ላይ አስልቼ አየሁ። ንብ ብዙውን ጊዜ ከቀፎዋ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ርቃ ትቀስማለች፤ ሲቸግራት ከዚያም ታልፋለች። 3 ኪሎ ሜትሩን ብቻ ብንወስድ በቀፎው ዙሪያ ያለው ክብ ከ2,800 ሄክታር ይበልጣል። በግንቡ ውስጥ ያለው ጀጎል 48 ሄክታር ገደማ ነው። አንዲት ቀፎ ወደ 60 ጀጎል የሚሆን መሬት ትሰማራለች ማለት ነው። ያን ሁሉ መሬት አጥሬ ልይዘው አልችልም። የሰው ማሳ፣ የሰው ግቢ፣ የመቃብር ቦታ፣ የመንገድ ዳር ዛፍ ነው። የማሬ ጣዕምም ሆነ የንቦቼ ዕድሜ የሚወሰነው በማላውቃቸው ሰዎች እጅ ነው። ይህን ስረዳ ንብ ማነብ ከጎረቤት ጋር የመኖር ጉዳይ እንደሆነ ገባኝ።

ውሃውም የጎረቤት ጉዳይ ነው። የሐረር ሰው ስለ ውሃ አይነገረውም። ሐረማያ ሐይቅ የደረቀበትን፣ ጀሪካን በሰልፍ የምንደረድርበትን ዘመን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ንብ ውሃ የምትፈልገው ለመጠጥ ብቻ አይደለም። እጮቹ ባሉበት የቀፎው ክፍል ሙቀቱ 34 ወይም 35 ዲግሪ መሆን አለበት። ውጪው ሲግል ንቦቹ ውሃ አምጥተው በእንጀራው፣ ማለትም ማርና እጭ በሚይዘው የሰም ክፍልፋይ ላይ ያንጠባጥቡና በክንፋቸው ያራግቡታል። ውሃው ሲተን ቤቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በሙቀት ወር ውሃ ካጡ እጮቹ ይሞታሉ። ወይም መንጋው ጥሎ ይሄዳል። ድሬዳዋ ያለ ወዳጄ ቀፎዎቹን ጥላ ሥር አድርጎ፣ ክዳናቸው ላይ ደግሞ ሣር ደራርቦ ነው የሚያኖራቸው። እዚያ የጥላ ነገር እንደ ውሃው ሁሉ የሞት የሽረት ነው።

ንብ ውሃ የምታገኝበትን ቦታ አንዴ ካወቀች መመለስ አስቸጋሪ ነው። ጎረቤቴ ያሉ አንዲት እናት አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ ተጣሩ። «አቦ፣ ንቦችሽ በርሜሌን ወረሱት እኮ! ልጆቹ ውሃ መቅዳት ፈሩ።» ተቆጥተው ነበር፤ እውነት አላቸው። አባባ መጥተው አዩና እሳቸው ያሉትን አደረግን። ጠጠር የሞላንበት ሰፊ ገበታ ከቀፎው ፊት ለፊት ጥላ ላይ አስቀመጥን። ጠጠሩ ንቦቹ ሳይሰጥሙ ቆመው እንዲጠጡ ነው። በየቀኑ ሳይጓደል ውሃ ይጨመርበታል። የጎረቤቴን በርሜል ደግሞ በጨርቅ ሸፈንነው። በቀፎው መውጫ ፊት ለፊት ከሰው ቁመት ከፍ ያለ አጥር ሠራን። እንዲህ ሲሆን ንቦቹ ከቀፎ እንደወጡ ሽቅብ ይበራሉ፤ በሰው ፊት አያልፉም። ነገሩ በአንድ ቀን አልተስተካከለም፤ ቀስ በቀስ ግን በርሜሉን ተዉት። ማር ስቆርጥ የመጀመሪያዋ ሳህን ወደ እሳቸው ቤት ነው የምትሄደው። አሁን የኔን ንቦች «ንቦቻችን» ይሏቸዋል።

ስለ ጫቱ መጻፍ ከባድ ነው፤ ግን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። የሐረርጌ ገበሬ ጫቱን ተባይ እንዳይበላበት መድኃኒት ይረጫል። ጫት ራሱ ቅጠሉ ቶሎ ቶሎ ስለሚለቀም ብዙም አያብብም። ንቧ ለጫቱ ብላ አትሄድም። ችግሩ በጫቱ መሃልና ዳር ያለው ነው። ማሽላው፣ በቆሎው፣ ቦሎቄው፣ ያበበው አረም አለ። መድኃኒቱ በነፋስ እዚያ ላይ ያርፋል። ጠዋት ከተረጨ ንቧ ያንኑ ጠዋት ታገኘዋለች።

አንድ ማለዳ ከቀፎዬ ፊት ለፊት መሬቱ በሞቱ ንቦች ተሸፍኖ አገኘሁት። አንዳንዶቹ ገና እየተንቀጠቀጡ ነበር። ብዙዎቹ ምላሳቸው ወደ ውጪ ወጥቶ ነው የሞቱት። አባባ አንዷን በመዳፋቸው ይዘው አይተው «መድኃኒት ነው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያን ቀን እህል መቅመስ አቃተኝ። ሰው «ንብ ነው እንዴ የሚያስለቅስሽ?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። አንዲት ሠራተኛ ንብ በሥራ ወቅት የምትኖረው 6 ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ለቀሰም የምትወጣው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ቤት ስታጸዳ፣ እጭ ስትመግብ፣ ሰም ስትሠራ፣ በር ስትጠብቅ ቆይታ ነው ሜዳ የምትወጣው። የሞቱት ያን ሁሉ አልፈው ሥራው ጫፍ ላይ የደረሱት ናቸው።

ማሳውን ወደሚያለማው ሰው አባባ ይዘውኝ ሄዱ። ለጠብ አልሄድንም። ሰውየው የሞቱትን ንቦች በወረቀት ጠቅልዬ ሳሳየው በጣም ደነገጠ። ልጆቹን የሚያስተምረው በዚያ ጫት ነው። ተባይ የበላውን ጫት ነጋዴ አይነካውም። «አልርጭ ብል ምን ልብላ?» አለኝ። መልስ የሚሻ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በሚቻለው ላይ ተነጋገርን። ንብ ወደ ቤቷ በገባችበት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ነፋስ ሳይኖር ይረጫል። ከመርጨቱ በፊት ያበበውን አረም ያጭዳል። ከዋዜማው ይደውልልኛል። እኔም ሌሊቱን የቀፎውን በር አየር በሚያስገባ ወንፊት እዘጋና በማግሥቱ ጥቂት ሰዓት አቆያለሁ። ቀኑን ሙሉ መዝጋት አይቻልም፤ ታፍነው ያልቃሉ። ይህ ሙሉ መፍትሔ አይደለም፤ መድኃኒቱም አንዳንዱ ለቀናት የሚቆይ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ የሞተ ንብ ያን ያህል በዝቶ አላየሁም። ጉዳዩን ለአንድ ገበሬና ለአንድ ንብ አናቢ ስምምነት ብቻ መተው ግን ልክ አይመስለኝም። በየቀበሌው ንብ ያለውና መድኃኒት የሚረጨው ሰው የሚገናኙበት መንገድ ያስፈልጋል።

ወደ ቀፎው ልግባ።

በአገራችን ሦስት ዓይነት ቀፎ አለ። ባህላዊው ከእንጨትና ከሐረግ ተሠርቶ በእበት የሚለሰነው ነው። የሽግግር ቀፎ የሚባለው ከላይ በተርታ የተደረደሩ እንጨቶች አሉት፤ ንቦቹ እንጀራቸውን ከእነዚያ ላይ አንጠልጥለው ይሠራሉ። ዘመናዊው ደግሞ ባለ ፍሬም ሳጥን ነው፤ ፍሬም ንቦቹ እንጀራ የሚሠሩበት፣ ተስቦ የሚወጣ የእንጨት ክፈፍ ነው። ከባህላዊው በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ ከዘመናዊው በደንብ ከተያዘ ከ15 ኪሎ በላይ ይገኛል ይባላል። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያማልላል። በደንብ ከተያዘ የሚለውን ግን ማንም አያነበውም። አበባ በሌለበት ቦታ የተቀመጠ ዘመናዊ ቀፎ ባዶ ሳጥን ነው።

የዘመናዊው ቀፎ ምሥጢር ክፍተቱ ነው። ላንግስትሮዝ የሚባል አሜሪካዊ ቄስ በአውሮፓውያኑ 1852 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ቀፎ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ንቦች ከ6 ሚሊ ሜትር የሚያንሰውን ክፍተት በሙጫ ይደፍኑታል። ከ9 ሚሊ ሜትር የሚበልጠውን ደግሞ በእንጀራ ይሞሉታል። በመሃል ያለውን መተላለፊያ አድርገው ይተዉታል። ፍሬሙ ሳይጣበቅ ተስቦ የሚወጣው ለዚህ ነው። ቀፎውን ሸዋ በር አካባቢ ላለ አናጢ ሳሠራ ይህን አስረዳሁት። መጀመሪያ «ለንብ ደግሞ ሚሊ ሜትር!» ብሎ ገረመው። ከገባው በኋላ ግን ለቁም ሳጥን የማይጠነቀቀውን ያህል ተጠነቀቀ። አናጢ የሚያሠራ ሰው ቁጥሩን ይዞ ይሂድ። ሳጥኑ በዓይን ግምት ከተሠራ ፍሬሙ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሲያስለቅቁት ደግሞ ንቦቹ ይቆጣሉ።

የእኛ ንቦች ቁጡ ናቸው። ስለዚህ የምንከፍተው አመሻሽ ላይ ነው፣ ሙቀቱ በርዶ ሰው ከመንገድ ሲመናመን። ነጣ ያለ ልብስ፣ ዓይነ ርግብ፣ ጓንት፣ ሱሪውን ያስገባንበት ቦቲ። ሽቶ አይቀቡም። ሙዝ በልተው ባይሄዱ ይመረጣል። ንብ ስትናደፍ የምትለቀው የማስጠንቀቂያ ሽታ ሙዝ ሙዝ ይላል፤ ሌሎቹ ያን ሲያሸቱ ይከተሏታል። ጢሱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሽታውን ይሸፍንባቸዋል። ደግሞ ቤታቸው እሳት የተነሳበት መስሏቸው ማር ለመጠጣት ይጣደፋሉ፤ ሆዷ የሞላ ንብ ደግሞ ለመናደፍ አትቸኩልም። አባባ ማጨሻው ውስጥ ኩበትና ደረቅ የወይራ ቅጠል ይጨምራሉ። ጢሱ ቀዝቃዛና ነጭ መሆን አለበት። የሚያቃጥል ጢስ ንብ ያስቆጣል።

ስትነድፍም መንደፊያዋን ቶሎ በጥፍር ፍቆ ማውጣት ነው። የቀረችው ከረጢት መርዙን መልቀቋን ትቀጥላለች፤ ስለዚህ ምን ዓይነት አወጣጥ ይሻላል ከማለት ይልቅ መፍጠን ይበልጣል። ማበጥና ማሳከክ ያለ ነው። ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ከንፈርና ጉሮሮው የሚያብጥ፣ ራሱን የሚያዞረው ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ብቻዬን የማልከፍተው ለዚህ ነው። ጀማሪ የሆናችሁ፣ እባካችሁ ብቻችሁን አትክፈቱ።

ክዳኑ ሲነሳ የሚወጣውን ሽታ በምን ልግለጸው? የሰም፣ የማር፣ የሙቀት ሽታ ነው። አባባ ፍሬም አውጥተው ወደ ብርሃን ያዘነብሉታል። «ንግሥቷን አትፈልጊ» ይሉኛል። «እንቁላሉን ፈልጊ።» ትክክል ናቸው። ንግሥቷን በሺዎች መሃል መፈለግ ጊዜ ይፈጃል፤ ቤቱም ይቀዘቅዛል። እንቁላል ሆኖ የሚቆየው 3 ቀን ብቻ ነው። ትንሽዬ ነጭ ዘንግ በየክፍሉ መሃል ካየን ንግሥቷ ባለፉት 3 ቀናት እዚያ ነበረች ማለት ነው። ያ ይበቃል። ከእንቁላል ተነስታ ንግሥት ለመውጣት 16 ቀን ገደማ ይፈጅባታል፣ ሠራተኛዋ 21 ገደማ፣ ድንጉላው፣ ማለትም ወንዱ ንብ፣ 24 ገደማ። ይህን የያዘ ሰው ፍሬሙን አይቶ ያለፈውን ሳምንትና የሚመጣውን ሳምንት ማወቅ ይችላል። ብዙ የታሸገ እጭ ካለ በቅርቡ ሕዝቡ ይበዛል። የንግሥት ጎጆ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከታየ መንጋው ሊከፈል እየተዘጋጀ ሊሆን ይችላል።

አንድ ምሽት በእንጀራው ላይ አንዲት ንብ ወገቧን እያርገበገበች ቀጥ ብላ ትሄድና ዞራ ትመለሳለች። ሌሎቹ ከበው ይከተሏታል። ይህን ጭፈራ የፈታው ኦስትሪያዊው ተመራማሪ ካርል ፎን ፍሪሽ ነው። በዚህ ሥራው ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር በአውሮፓውያኑ 1973 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። እየተርገበገበች የምትሄድበት አቅጣጫ አበባው ከፀሐይ አንጻር የት እንዳለ ይናገራል። ወደ ላይ ቀጥ ብላ ከሄደች «ወደ ፀሐይ» ማለቷ ነው። የምትርገበገብበት ጊዜ ሲረዝም ርቀቱም ይረዝማል። ይህን ሁሉ ለአባባ በጉጉት ነገርኳቸው። በጸጥታ ሰሙኝና «ታዲያ ካልተነጋገሩ አንድ ላይ እንዴት ወደዚያ ይሄዱ ነበር?» አሉ። ማንም ሳይነግራቸው፣ ንቦች በየቀኑ ወደ አንድ ዛፍ ሲጎርፉ አይተው የደረሱበት ነው። የመጽሐፉንም የአባባንም እወዳለሁ። አንዱ ያለ ሌላው ይጎድላል።

የካቲት ላይ አንደኛው መንጋ ጥሎን ሄደ። የአፍሪካ ንብ ለዚህ የታወቀች ናት። ምግብ ሲያጥራት፣ ጉንዳን ሲያስቸግራት፣ ሲደጋግሙ ሲከፍቱባት ቤቷን ትታ ትሰደዳለች። በዚያ ዓመት በጋው ረዝሞ፣ ግራሩም ሳያብብ ቀርቶ ነበር። ባዶ ቀፎ ማየት ልብ ይሰብራል። አባባ «እንግዳ ነበረች፣ ሄደች» አሉና ቀፎውን ጠርገው በወይራ አጠኑት። እንጀራውን የሰም ብል እንዳይበላው አውጥተን ሰሙን አቀለጥን። ቀፎው በልጉ እስኪመጣ ዛፍ ላይ ተሰቀለ። ዝናቡ ጥሎ አበባው ሲወጣ መንጋ የሚፈልሰው ያኔ ነውና ሌላ ንብ ራሷ ገባችበት።

ከዚያ ወዲህ በበጋ እንመግባለን። ስኳር በውሃ፣ እኩል በእኩል። ለብናኝ ምትክ ደግሞ በሶ ወይም ሽሮ፤ ሽሮው ግን ቅመምና በርበሬ የሌለበት መሆን አለበት። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ማሩ ስኳር ሊሆን ነው?» ይላል። ምግቡ የሚሰጠው ማር በማይቆረጥበት ወር፣ ነፍስ ማቆያ ያህል ነው። አበባ ሲመጣ ይቆማል። ቀሰም እየገባ ስኳር የሚያጠጣ ሰው ግን ያጭበረብራል፤ ይህን ማለስለስ አልፈልግም። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ማሩን ጠራርጎ አለመቁረጥ ነው። በኅዳር የምንተውላቸው ማር በየካቲት ከምናጠጣቸው ስኳር ይበልጥባቸዋል። የቀፎውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ስላቆምናቸው ጉንዳን አይወጣም።

ስለ ሴቶች አንድ ነገር ልበል። በድሮው ሥርዓት ማር መቁረጥ የወንድ ሥራ ነው። ቀፎው ዛፍ ጫፍ ላይ ነው፣ የሚቆረጠውም በሌሊት በችቦ። ሴት ዛፍ ወጥታ ማር ትቁረጥ የሚል ሰው አልነበረም። ሳጥኑ በወገብ ቁመት ግቢ ውስጥ ሲቀመጥ ያ ምክንያት አበቃ። አባባም ሳያንገራግሩ ነው ያስተማሩኝ። ሰፈሬ ያሉ ሴቶች መጀመሪያ ከሩቅ ያዩ ነበር። አሁን ዓይነ ርግቡን ተውሰው ገብተው ያያሉ። ለዘመናዊ ቀፎ ያለኝ ትልቁ አክብሮት ከማሩ ብዛት ይልቅ በዚህ ነው።

ማሩ መቼ ይቆረጣል? ከአበባ የመጣው ቀሰም አብዛኛው ውሃ ነው፤ እስከ 80 በመቶ የሚደርስ አለ። ንቦቹ እያራገቡ ከ20 በመቶ በታች ያወርዱታል። ሲደርስ በሰም ያሽጉታል። ከፍሬሙ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ሳይታሸግ የተቆረጠ ማር ሊቦካ ይችላል። ከባህላዊ ቀፎ የሚወጣው ማር እጩም ብናኙም ሰሙም ተቀላቅሎ ስለሚወጣ በአብዛኛው ወደ ጠጅ ቤት ይሄዳል። ከፍሬም የወጣው ንጹሕ ወለላ ይሆናል። እንጀራው ሳይሰበር ወደ ንቦቹ ይመለሳል። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። 1 ኪሎ ሰም ለመሥራት ንቦች ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር እንደሚበሉ ይገመታል።

ከገበያ ጋር ያለኝ አንድ ጥል ስለረጋ ማር ነው። ሰው ማር ሲረጋ ካየ «ስኳር አለበት» ብሎ ይፈርዳል። እውነተኛ ማር ይረጋል። አንዳንዱ በሳምንታት፣ አንዳንዱ ከወራት በኋላ፤ የሚወስነው የአበባው ዓይነትና የውስጡ የግሉኮስ መጠን ነው። ሲፈለግ ማሰሮውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። እሳት ላይ አይጣድም። የሐረር ሰው ጠዋት በትኩስ ፈጢራ ላይ የሚያፈሰው ማር ነጭ ሆኖ ረግቶ ቢመጣ ሻጩን ከመውቀሱ በፊት ይህን ያስታውስልኝ።

አሁን ክረምቱ ገብቷል። ከጫቱ ማሳ ባለቤት ጋር ያለን ነገር እዚያው ስምምነት ላይ አልቆመም። በጫቱ መሃል የተረፉ የቡና ዛፎች አሉት። የቡና አበባ ራሱን በራሱ ማዳቀል ይችላል፤ ንብ ሲጎበኘው ግን ፍሬው ይሻሻላል። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ሄደ። ባለፈው ሳምንት ደውሎ «መድኃኒት ልረጭ ነው» ሊለኝ መስሎኝ አነሳሁት። የደወለው የራሱን ቀፎ ፈልጎ ነው። ሳጥኑን ያው የሸዋ በሩ አናጢ ይዞታል። አባባ የቡናውን ዳር አይተው ቦታ መርጠውለታል። ከመስከረም በፊት ይደርሳል።